ድምፁ ሲዋዥቅ ከኃይል ምንጩ እንጀምር
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለንብረት ክፍል ኃላፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



በበርካታ አጥቢያዎች ስብከቱና ዝማሬው ለምእመናን የሚደርሰው በአካባቢ ባለሙያ በተገጣጠመ አምፕሊፋየር ነው። መሣሪያው ሲያጉረመርም ወይም ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፁ ሲወርድ፣ ቶሎ የሚነሣው ሐሳብ «አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ድምፁን በሚያጎላው ክፍል ሳይሆን ኃይል በሚመግበው ክፍል ነው። ስለዚህ የምእመናን መባ ለግዥ ከመውጣቱ በፊት ምርመራው በቅደም ተከተል ይካሄድ።

በመጀመሪያ፣ ልኬቱ የሚወሰደው መሣሪያው ጸጥ ባለበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ድምፅ በሚሰጥበትም ጊዜ ነው። ያለ ሥራ ትክክለኛ ቮልቴጅ የሚያሳይ ኃይል ምንጭ ሸክም ሲያርፍበት ሊወርድ ይችላልና። ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ራሱ አብሮ የሚያሽቆለቁል ከሆነ፣ ጉዳዩ የመሥመሩ እንጂ የአምፕሊፋየሩ አይደለም።

ሁለተኛው ካፓሲተሩ ነው። የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 50 ዑደት ስላለው፣ አራቱ ዳዮዶች በሴኮንድ 100 የኃይል ግፊት ይሰጣሉ። ካፓሲተሩ በየግፊቱ እንደሚሞላና በመካከሉ እንደሚቀዳ የውኃ ጋን ነው። መሣሪያው 2 አምፔር ሲስብ፣ 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየግፊቱ መካከል ወደ 4 ቮልት ያጣል፤ 10,000 ማይክሮፋራድ ቢሆን ግን የሚያጣው 2 ቮልት ያህል ነው። ማጉረምረሙ የሚሰማው ከዚህ መዋዠቅ ነው። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር አቅሙ ስለ ደከመ ይለወጥ። ከዳዮዶቹ አንዱ ቢቋረጥም ግፊቱ ወደ 50 ይወርዳል፤ ጉድለቱም ይብሳል።

ሦስተኛው ሽቦው ነው። መብራት በሌለበት አጥቢያ አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ባትሪው 10 ሜትር ርቆ በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢያያዝና መሣሪያው 10 አምፔር ቢስብ፣ በመንገድ ላይ ብቻ ከ2 ቮልት በላይ ይጠፋል። መድኃኒቱ ባትሪውን ማቅረብ ወይም ሽቦውን ማወፈር ነው፤ የላላና የዛገ መያዣም ይጽዳ፣ ይጥበቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። በጥምቀት በዓል በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ማይክሮፎን የሚይዘው አገልጋይ ከዚህ መሣሪያ ጋር በሽቦ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጉርምርምታውን ለማጥፋት ተብሎ የመሬት ሽቦ አይቆረጥ፤ በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታም ተራ ሽቦ አይታሰር። ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ ሽፋኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ብቻ ይሁን። የኮሚቴው ድርሻ የውጭውን መመርመርና መመዝገብ ነው።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለኝ። መሣሪያው ደኅና ሳለ በባለሙያ የተለካው ቮልቴጅ፣ ጸጥ ባለበትና በሚሠራበት ጊዜ፣ ከነቀኑ በንብረት መዝገብ ላይ ይስፈር። ችግር በመጣ ጊዜ «ይጠገን» ወይስ «ይገዛ» የሚለው ውሳኔ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።

እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።