“ሸክም የቻለ ሶሌታ ሁሉ ዱላ አይችልም”

(ለግንባታ ባለሙያዎችና ለሕንፃ ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የማነሳው የታጠፈ ላሜራ ተነጥፎ ኮንክሪት ስለሚሞላበት ሶሌታ ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ጎበዝ ነው፤ ሲስቡት ግን የጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። መሳቡን የሚችልለት ብረቱ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጥያቄዬ፣ ዕቃው ተቀምጦበት ሳይሆን ወድቆበትስ? የሚል ነው።

እስቲ እናስላው። 1 ኩንታል የሚመዝን የፌሮ እስር ከ10 ሜትር ከፍታ ቢያመልጥ፣ ሶሌታው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ ምቱ በአማካይ 20 ቶን ያህል ይሆናል። በ1 ሳንቲ ሜትር ከቆመስ? 100 ቶን! ኩንታሉ ያው ኩንታል ነው፤ የተለወጠው የሚቆምበት ርቀት ነው። ስለዚህ ሶሌታን የሚያድነው ግትርነት ብቻ ሳይሆን ሳይበጠስ መለመጡም ነው።

ምቱ እንደ ሞገድ ኮንክሪቱን ሰንጥቆ ይወርድና፣ ከታችኛው ፊት ሲደርስ ወደ መሳብ ኃይል ተለውጦ ይመለሳል። ያኔ ኮንክሪቱ ከሥሩ ይፈረፈራል። ላሜራ ካለ ፍርስራሹን አቅፎ ይይዛል፤ ራሱም እየተለጠጠ የምቱን ጉልበት ይበላል። ሶሌታውን ከብረት ተሸካሚው ጋር የሚያያይዙት ችንካሮች “ወጪ ለመቆጠብ” ከተቀነሱ ግን ይህ መደጋገፍ ይላላል።

የኒው ዮርክን መንትያ ሕንፃዎች አስታውሱ። የወደቁት በእኛው እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው ወለላቸው ላሜራ ላይ የተሞላ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀላል ኮንክሪት ነበር። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እንዳሰላው፣ የአንድ ወለል ማያያዣዎች ቀስ ተብሎ ከተጫነባቸው 11 ያህል ተጨማሪ ወለል ይችላሉ። በድንገት ከተጫነባቸው ግን ጫናው እጥፍ ስለሚሆን ከ6 አያልፉም። አውሮፕላን መትቶት፣ እሳት ብረቱን አዳክሞት የወረደው ክፍል በአንዱ 12፣ በሌላው 29 ወለል ነበር። ልብ በሉ! ይህ እጥፍ የሚሆነው ከከፍታ ሳይወድቅ፣ በድንገት ሲጫን ብቻ ነው። ሲወድቅማ ይብሳል።

ታዲያ እኛ የስሌት ወረቀት ስናይ “ስንት ኪሎ ይሸከማል?” ብለን እንፈርማለን። “ምን ሊወድቅበት ይችላል?” የሚለውን ማን ይጠይቅልን? ከታች ሆኖ የሚለስነው የቀን ሠራተኛ?

እኔ የምለው ይኼን ነው። ክሬን ዕቃ ሲያነሳ ከሥሩ ሰው አይቁም። ፌሮና ብሎኬት ከላይ አይወርወር። ችንካር ሲቀነስ ባለቤቱ “ለምን?” ይበል፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ሳይቃጠል በቅጠል!