ልጃችን ያነባል ወይስ ያስታውሳል?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

 

በሒራእ ዋሻ ለነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ የወረደው ቃል የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። በየመድረኩ እንናገረዋለን፤ እንኮራበታለንም። ነገር ግን ማታ ልጃችን መጽሐፉን ይዞ አጠገባችን ሲቀመጥ በእርግጥ እያነበበ መሆኑን የምናጣራ ስንቶቻችን ነን?

አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ገበታውን በዜማ ሲወርደው ደስ ያሰኛል። ከመካከል «ሚ»ን ብቻ በጣታችን ስናሳየው ግን «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ከቆጠረ በኋላ ነው የሚመልስልን። አንዳንዱማ መጽሐፉ ተዘቅዝቆ ቢሰጠውም ገጹን ያነበንበዋል፤ በቃሉ ይዞታልና! የቁርኣን ጀማሪም እንዲሁ ነው፤ ምላሱ ሱራውን ሲጨርስ ጣቱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ሒፍዝ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እርሱን የሚያቃልል ንግግር ከኛ አይወጣም። የልጁ ጥሩ ትውስታ ማንበብ አለመቻሉን ሲሸፍንበት ግን ጉዳቱ ለዓመታት ሳይታይ ይቆያል።

ይህ የጥቂት ልጆች ችግር አይደለም። በ2010 (እ.ኤ.አ) በሀገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች አልነበሩም፤ ደብተር ይዘው የሚመላለሱ ናቸው። ተማሪ በበዛበት ክፍል መምህሩ ይላል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ፤ ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳስተጋባ አይለይም። መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ጽሕፈትም ቢሆን በብዙ ክፍሎች ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ ሆኗል። አባቶቻችን በሉሕ ሲማሩ ትምህርቱን ይጽፋሉ፣ ለሸኻቸው ያነባሉ፣ ሲያልፉ ሉሑን አጥበው ሌላ ይጽፋሉ። ንባብና ጽሕፈት አልተነጣጠሉም ነበር፤ የተሳሳተም ታጥቦ እንደገና ይጻፋል። (አለንጋው እንደነበረም አንክድም!) ዛሬም ልጁ ትናንት ገበያ ያየውን ሦስት መስመር በራሱ ቃል ቢጽፍ፣ ተሳስቶም ደግሞ ቢጽፈው፣ ገጽ ሙሉ ከመገልበጥ ይሻለዋል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበድር ምርኮኞች መካከል የቤዛ ገንዘብ የሌላቸው፣ መጻፍ የሚችሉት፣ የመዲናን ልጆች ጽሕፈት አስተምረው እንዲለቀቁ ማድረጋቸው በሲራ ተዘግቧል። አስተማሪዎቹ ትናንት ሰይፍ የመዘዙባቸው ሰዎች ነበሩ! ሺፋእ ቢንት ዐብደላህም ለእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ) ጽሕፈት አስተምራለች። ታዲያ ወንድሟ ሲያጠና ሴት ልጃችንን ውሃ ቅጂ፣ ዕቃ እጠቢ እያልን መጽሐፏን የምናስጥላት በየትኛው ማስረጃ ነው?

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጃችሁ አይቶት የማያውቀውን ገጽ ግለጡለት። ያንብብ፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ይንገራችሁ። ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶችና አባቶችም ይህን ማድረግ አያቅታችሁም፤ ታሪኩን መጠየቅ ብቻ ነው። ካቃተው አትቆጡት። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሂዱና ተመካከሩ፤ ትምህርት ቤት የምንረግጠው መዋጮ ስንጠየቅ ብቻ አይሁን።