ዳኛ የገዛ ሥልጣኑን ወሰን ሲለካ



ዳኛ ከተከራካሪዎቹ መካከል እውነቱ ከማን ዘንድ እንደሆነ ከመመርመሩ በፊት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ይህንንም ጥያቄ በመጀመሪያ የሚመልሰው ያው ዳኛ ራሱ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ይለያል። በቁጥር 9 መሠረት፣ የሥረ ነገር ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ተከራካሪዎቹ ዝም ቢሉም እንኳ ጉዳዩን ማየት አይችልም። በቁጥር 10 መሠረት ግን የቦታ ሥልጣን መጓደል ብቻውን ፍርዱን አያፈርሰውም፤ ተቃዋሚም ተቃውሞውን በጊዜው ማቅረብ አለበት።

ነገሩ ለመሐንዲሶች የሚከብደው በሥራ ውል ውስጥ የግልግል ዳኝነት ሲገባ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3330 በ2013 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ፣ ተዋዋዮቹ ከፈቀዱ የግልግል ዳኛው ስለ ገዛ ሥልጣኑ እንዲወስን ይፈቅድ ነበር፤ ስለ ሥልጣኑ የተጻፈው ቃል ግን በጠባቡ እንዲተረጎም ያዝዝ ነበር።

በሳሊኒና በአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን መካከል በተነሣው የግንባታ ውል ክርክር የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ነበር። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ክርክሩ እንዲታገድ አዘዙ። የግልግል ጉባኤው ግን በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በእግዱ እንደማይገደድና ሥልጣን እንዳለው ገለጠ። ሁለቱም ወሰናቸውን ለኩ፤ ልኩ ግን አልገጠመም።

ቀያሽ ሌቭሉን የሚፈትነው በዚያው ሌቭል ንባብ ነው። ሆኖም ከአንድ ሥፍራ ብቻ አያነብም፤ በሁለት ችካሎች እኩሌታ ላይ ቆሞ ያነበበውን፣ ወደ አንደኛው ችካል ተጠግቶ ካነበበው ጋር ያስተያያል። ስሕተቱ የሚታወቀው በልዩነቱ ነው። ዳኝነትም እንዲሁ ነው፤ ራሱን መለካቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልኩን ከሌላ ሥፍራ የሚያይ መታጣቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 የግልግል ጉባኤ በራሱ ሥልጣን ላይ እንዲወስን ፈቅዶ፣ ቅር የተሰኘ ወገን ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ ማበጀቱ ለዚህ ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ ከዚህ ይቀድማል። የግልግሉ መቀመጫ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ደንብ እንደሚመራ፣ ውሉ ከመንግሥት ጋር ከሆነም ግልግል በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ከፊርማው በፊት ያጣራ። በውል ላይ በግልጽ ያልተተከለ ወሰን ሥራው ከቆመ በኋላ ሲፈለግ፣ ፍለጋው ራሱ ሌላ ክርክር ይሆናልና።