ጎንደርን ለመጎብኘት ስናስብ

(የጉዞው ኮሚቴ ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች በስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ወደ ጎንደር የሚደረገውን ጉዞ ዕቅድ አውጥተን እንድናቀርብ አዛችሁን ነበር። ዕቅዱን ይዘን መጥተናል። ነገር ግን አስቀድመን መናዘዝ ያለብን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዛሬ የምናቀርብላችሁ ዕቅድ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ያወጣነው በአንድ ማታ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ የቀዳነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነበር። እንዲህ ይል ነበር፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ መግባት፤ ከቀትር በኋላ የፋሲልን ግንብ ማየትና ፎቶግራፍ መነሣት፤ ረቡዕ ጧት የፋሲልን መዋኛ ማየት፤ ማታ ጭፈራ፤ ሐሙስ መመለስ። ወጪው ርካሽ ስለ ነበረ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ይህን ወረቀት ተወልዶ ያደገው ጎንደር ለሆነ አንድ ጓደኛችን አሳየነው። አንብቦ ሲጨርስ ሳቅ አለና «መልካም ነው፤ እንግዲህ አጥሩን አይታችሁ ትመለሳላችሁ» አለን። ለጊዜው ተቀየምን። ኋላ ግን መጻሕፍት ገለጥ ገለጥ ስናደርግ የተናገረው እውነት ሆኖ አገኘነው፤ ወረቀቱንም ቀደድነው። አሁን የምንነግራችሁ ከዚያ በኋላ የተማርነውንና የወሰንነውን ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጎንደር የተሠራችው በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ባለ የተራራ ጫንቃ ላይ ሲሆን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል። ፋሲል ግቢ የምንለው የነገሥታቱ ግቢ በዚሁ ጫንቃ ላይ 70,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይዟል። ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆን የድንጋይ ቅጥር የታጠረ ነው፤ 12 በሮችም ነበሩት። የበሮቹ ስም ራሱ ትምህርት ነው። ወንበር በር አለ፤ ታዝካሮ በር አለ፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር፣ እንኮዬ በር አለ። ዳኛው፣ ሙዚቀኛውና የፈረስ አዛዡ እያንዳንዱ የሚታወቅበት በር ነበረው ማለት ነው። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ የጻፈው ይህንኑ ግቢ ነው፤ ስለዚህ ግቢውን አትዩ የሚል የለም። አንድ ሙሉ ጧት ሰጥተነዋል።

ከቅጥሩ ውጭ ግን ከተማ ነበረ። የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት፣ የእስላሞች ሰፈር፣ የቤተ እስራኤል ሰፈር፣ ገበያው፣ ከዚያም በላይ አርባ አራት የሚባሉት አድባራት ነበሩ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ወስኗል። ስለዚህ የሰፈሮቹን አቀማመጥ እየተመለከተ በእግሩ የሚሄድ ሰው የዚያን ዘመን ሕግ በመሬት ላይ ተጽፎ ያነበዋል። ይህ ነገር በመጀመሪያው ዕቅዳችን ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ግንቡ ሥራ። ከእኛ መካከል «ግንቡን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ሲባል ሰምቶ ያላደገ ጥቂት ነው። ዘመኑን ግን እናስተያየው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው በአገሩ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም የአባቶቻቸውን እምነት መልሰው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ በ1636 ነው። ካህናቱን ያባረረ ንጉሥ ቤቱን እነሱ አሠሩለት ማለት እንዴት ይሆናል? እርግጥ ነው፣ ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ የማያያዝ ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን ከውጭ በመጡ ሰዎች እጅ ተስፋፍቷል፤ ከህንድ የመጣ ባለሙያም በዚህ ይጠቀሳል። ጥበብ ከውጭ መማር ነውር አይደለም፤ እኛስ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጥነው ለምንድን ነው? ዳሩ ግን ድንጋዩን ጠርቦ፣ እንጨቱን ጠርቦ፣ ግድግዳውን ያቆመው በአብዛኛው የአገሩ ሰው ነው። ከእነሱም መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በዚህ ምክንያት ከከተማው ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ወለቃን በዕቅዱ ውስጥ አስገብተናል። አንዳንድ አባሎች «እዚያ ምን አለ? ሸክላ ብቻ» ብለው ተቃውመዋል። እውነት ነው፤ ያለው ጥቂት ቤትና ሸክላ ነው። ሕዝቡ ከ1984 ጀምሮ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በ1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዷል። የነገሥታትን ግንብ ያነጹ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ግንቡም እዚሁ ቆሟል። በዘመናቸው መሬት ርስት አድርገው እንዳይዙ ተከልክለው በእጅ ሥራቸው ይኖሩ የነበሩት፣ ለዚያውም «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ዛሬም ቢሆን የእጅ ባለሙያን ስንጠራ አፋችን የሚያመልጠንን ቃል እናውቀዋለን። ወለቃን ማየት ሁለት ሰዓት ቢወስድብን አናዝንም።

ወደ ግቢው እንመለስ። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ እንደ እንቁላል የተሾሙ ጉልላት ያላቸው ግንቦች ያሉት ነው፤ ይህን ከፎቶግራፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከእርሱ ቀጥሎ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የመዘመሪያ አዳራሽ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ቤቶች አሉ። አንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት ትቶ ሌላ ስለሚያሠራ ግቢው በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ በሕንፃ ሞላ። እያንዳንዱን መዘርዘር ለአስጎብኚው እንተውለታለን።

በኮሚቴው ውስጥ ብዙ ያከራከረን ግን የሕንፃው መሠራት ሳይሆን መፍረሱ ነው። የታላቁ ኢያሱ ግንብ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ እንደ ነበረ ይነገርለታል፤ ዛሬ ባዶ ግድግዳ ነው። ማን አፈረሰው? በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ ኢጣልያኖች ግቢውን የጦር ሠፈር አድርገውት ስለ ነበረ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የኢጣልያ ጦር በጄኔራል ናዚ አዛዥነት እጁን የሰጠው እዚያው ጎንደር፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነው። ከዚያ በፊት በ1888 ድርቡሾች ከተማዪቱን አቃጥለዋል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን፤ ጠላት ነውና።

ከመካከላችን አንዱ ግን «1866ን ለምን ዘለላችሁት?» አለ። ዝም አልን። በዚያ ዓመት ጎንደርን የዘረፉትና ያቃጠሉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በእኛ ዕድሜ ቴዎድሮስን የማይወድ ተማሪ እናውቃለን ለማለት አንደፍርም፤ ስማቸው ሲነሣ የምናጨበጭብ እኛው ነን። አንድ አባል ተቆጥቶ ይህ በንግግሩ ውስጥ እንዳይገባ ጠየቀ። ሌላው ደግሞ «ለጠላት ጊዜ ዓመት ትቆጥራላችሁ፤ ለራሳችን ጊዜ ትዘላላችሁ» አለ። ሁለት ማታ ተከራክረን ይግባ አልን። ምክንያታችን ይህ ነው። ከጎንደር አድባራት የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከ300 በላይ መጻሕፍት ወደ ለንደን ወሰዱ። የእንግሊዙን ዝርፊያ በየስብሰባው እናወግዛለን፤ ማውገዛችንም ትክክል ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ከጎንደር መቅደላ ድረስ በራሳቸው እግር አልሄዱም። በዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ፊት ስንቆም ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢነሣ፣ መልሱን ለመስጠት የምናፍር እንዳንሆን አስቀድመን ተነጋግረን እንድንሄድ ፈለግን።

ከደብሮቹ ሁለቱን መርጠናል። አንደኛው ታላቁ ኢያሱ የተከሉት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ድርቡሾች ያላቃጠሉት ንቦች ወጥተው ስላባረሯቸው ነው ይባላል። ጣራው ሁሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ቀና ብሎ ለማየት አንገት እስኪደክም ጊዜ ያስፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ አይበቃውም። ጫማ ማውለቅ እንዳለ፣ በፎቶግራፍ መብራት ሥዕሉን መጉዳት ክልክል እንደ ሆነ ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሁለተኛው ቁስቋም ነው። ይህን ብዙ ጎብኚ ይዘለዋል፤ እኛ ግን ከግቢው ያላነሰ ጊዜ ሰጥተነዋል። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ከሞቱ በኋላ የልጃቸው የኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር ሲገዙ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የእስኮትላንድ ተጓዥ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም ቤተሰብ ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን እንዲያክም ተጠርቶ ነበር። እቴጌይቱ ባላቸውን፣ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ቀብረዋል፤ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ሲገደሉ የነገሥታቱ ጎንደር አበቃ፤ የመሳፍንቱ ዘመን ገባ። የፈረሰውን አዳራሽ እያዩ፣ ከዚያ ኮረብታ ላይ ወደ ፋሲል ግቢ ቁልቁል መመልከት ነገሩን ከመጽሐፍ ይበልጥ ያስረዳል ብለን እናምናለን። እኅቶቻችን በኮሚቴው ውስጥ ይህን ቦታ አጥብቀው ጠይቀዋል፤ አገር የገዛች ሴት ቤት የትኛው ነው ብለው።

አሁን ወደ ቀኑ። ብዙዎቻችሁ በጥምቀት እንሂድ ብላችሁ ጽፋችኋል። በዓሉ በጎንደር እንዴት እንደሚከበር፣ ታቦታቱ ወርደው በፋሲል መዋኛ ዳር ሲያድሩ፣ ሌሊት ቅዳሴው፣ ጧት ውሃው ሲባረክ ወጣቱ ሲገባበት፣ ማን የማይመኘው አለ? ነገር ግን በ2020 ጥምቀት ተመልካቾች የተቀመጡበት የእንጨት መቀመጫ በሰው ብዛት ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይም ቆሰሉ። አርባ ተማሪ ይዘን እዚያ ሕዝብ መካከል ገብተን ሁሉን ቆጥረን ለመውጣት ኮሚቴው አቅም የለውም። ማደሪያም በዚያ ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል። ስለዚህ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል ባለው ዕረፍት፣ በየካቲት፣ እንሂድ ብለናል። ይህ በሦስት ለሁለት ድምፅ ያለፈ ነው፤ ከተሸነፉት አንዱ ይህን ንግግር ከጻፉት መካከል ነው።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪ/ሜ በላይ ነው። ባሕር ዳር አድረን በማግስቱ እንገባለን። ስለ መንገዱ ሰላም ግን በግልጽ እንነጋገር። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ጉዞውን እንዲተው አድርጓል፤ የብዙዎቻችን ወላጆችም ይህን ንግግር ቢሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነው። ኮሚቴው የወሰነው እንዲህ ነው፤ በዚያው መንገድ ከሚመላለሱና ከዚያው ከሚኖሩ ሰዎች መንገዱ ደኅና ነው የሚል ቃል ካልመጣ ማንም አይሳፈርም፤ የተከፈለውም ገንዘብ ይመለሳል። ጉዞው ለአንድ ዓመት ቢተላለፍ ዕቅዱ አይበላሽም፤ ግንቡ ሦስት መቶ ዓመት ጠብቆናል። «እንግዲያው ማቀዱ ለምን?» ላላችሁን፣ በሩ ሲከፈት እንደ መጀመሪያው ወረቀታችን በባዶ እጅ ተሯሩጠን እንዳንገባ ነው።

ስለ ገንዘብ። ሦስቱ ሌሊት አምስት ስለ ሆነ ወጪው ጨምሯል፤ ይህን አንሸሽግም። መክፈል የማይችሉ ጓደኞች እንዳሉን እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜ እነሱ ዝም ይላሉ፣ እኛም የማይፈልጉ ይመስለናል። በመሆኑም በማኅበሩ ሣጥን ካለው ገንዘብ የጭፈራው ማታ ወጪ ተሠርዞ ለእነዚህ አባሎች እንዲውል እንጠይቃለን። ስማቸውን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሆናል። ማደሪያን በሚመለከት፣ በ1954 በጤና ኮሌጅነት ተጀምሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በጎንደሩ ትምህርት ቤት ላሉ ተማሪዎች ደብዳቤ እንጽፋለን፤ እነሱ ወደዚህ ሲመጡም እኛ እንደምናስተናግዳቸው ቃል ለመግባት ፈቃዳችሁን እንሻለን።

ዕቅዱ ዛሬ በድምፅ እንዲጸድቅ ወይም እንዲወድቅ ለእናንተ ትተነዋል። ከጸደቀ ሦስት ዓይነት ሰው እንፈልጋለን፤ ሥዕል መሣል የሚችሉ ሁለት፣ ግዕዝ የሚያነብ አንድ፣ የጎንደርን መንደሮች የሚያውቅ አንድ። የመጨረሻውን አግኝተናል፤ ያ በወረቀታችን ላይ የሳቀው ጓደኛችን እሺ ብሏል። የምትሄዱ ሁሉ ስማችሁን ከዚህ ወር መጨረሻ በፊት ለጸሐፊው ስጡ፤ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ሹራብ አትርሱ፤ ጫማችሁም በቶሎ የሚወልቅ ይሁን።