ከተማና ውሃው
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የአንድ ከተማ ጤንነት የሚለካው በሕንፃው ቁመትና በመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም። ውሃው ከየት እንደሚመጣና ጥራጊው ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ያስፈልጋል። ትልቅ ከተማ ጉድለቱን በገንዘብ ብዛት ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል፤ ትንሽ ከተማ ግን የሚኖረው በዙሪያው ባለው መሬት ነውና፣ መሬቱ ሲጎዳ አብሮ ይጎዳል። ለዚህም የሐረር ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ጁገል በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር በግንብ የታጠረ ከተማ ነው። ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ፣ መተላለፊያዎቹም ጠባቦች ስለሆኑ፣ ነዋሪው ወደ ገበያውና ወደ ጎረቤቱ በእግሩ ይደርሳል። ሌሊትም ጅቦች በግንቡ ቀዳዳ እየገቡ የተጣለውን አጥንትና ትራፊ ያነሣሉ። ሰውና አውሬ እንኳ ተስማምተው የሚኖሩበት ይህ ከተማ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

ይሁን እንጂ ግንቡ ያልጠበቀው አንድ ሀብት ነበረ፤ እርሱም ውሃው ነው። ለብዙ ዓመታት የሐረር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከሚገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ያደረቀውም አንድ ጠላት አይደለም። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ውሃ ሳበ፤ ከተሞቹ ለመጠጥ ቀዱ፤ ዛፍ ካጣው ተዳፋት የታጠበው አፈር ደግሞ የሐይቁን ጉድጓድ ሞላው። እያንዳንዱ ለራሱ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የሁሉም ምክንያት ሲደመር ግን ሐይቁ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ለሐረር ውሃ የተገኘው ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ፣ ከመሬት ውስጥ ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ውሃው በሞተር ኀይል ሽቅብ መገፋት አለበት። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ውሃውም ይቋረጣል። ቀድሞ በአጠገብ የነበረው ነገር ዛሬ በብዙ ወጪ ከሩቅ ይመጣል።

የተራቆተ ደጋ የሚጎዳው ደጋውን ብቻ አይደለም። ሐረር በቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው ሐምሌ ወር ማለቂያ ላይ፣ ከደጋው የወረደው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ድሬዳዋን መትቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። አፈርና ዛፍ ሊይዙት ይገባ የነበረው ዝናብ በአንድ ሌሊት ሞት ሆኖ ወረደ።

ነገር ግን ተስፋም አለ። በሐረማያ ተፋሰስ እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ከሐይቁ ውሃ መሳብም እንዲገታ ተደረገ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም በደረቀው ሜዳ ላይ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። ይህ ጅምር እንጂ ፍጻሜ አይደለም፤ ሞተሩ ተመልሶ በሐይቁ ዳር ቢተከል ውሃው እንደገና ይሸሻል። ገበሬውም ቤተ ሰቡን የሚመግበው በዚሁ ውሃ ነውና፣ ክልከላ ብቻውን አይጸናም፤ በጥቂት ውሃ የሚያለማበት መንገድ ሊታይለት ይገባል።

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ ምንድን ነው? ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት «እጃችሁን ታጠቡ» ብሎ ማስተማር ባዶ ቃል ነው። ስለዚህ የጤና ትምህርት ከምንጩ መጀመር አለበት። በጂኦግራፊ ሰዓት ተማሪዎች የከተማቸውን ቧንቧ እስከ መነሻው ይከተሉት፤ በሒሳብ ሰዓት አንድ ቤተ ሰብ በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚፈጅ ያስሉ፤ በግብርና ሰዓት በትምህርት ቤቱ ተዳፋት ላይ እርከን ይሥሩ፣ የተከሉትንም ችግኝ እስኪጸድቅ ይጠብቁ። የከተማው ልጅ ውሃው የገበሬውን ማሳ አልፎ እንደሚመጣ፣ የገበሬውም ልጅ ከማሳው በታች የተጠማ ከተማ እንዳለ ከዐወቁ፣ ነገ በአንድ ሸንጎ ሲቀመጡ መግባባት አይሳናቸውም።

አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። የሐረማያ ሐይቅ ደረቀ፤ የሐረርም ውሃ ራቀ። ሐይቃቸው ገና ያልደረቀ፣ ምንጫቸውም ገና ያልራቀ ከተሞች ብዙዎች ናቸውና፣ ይህን ምሳሌ በዛሬው ተማሪ ልብ ውስጥ መትከል የመምህራን ሥራ ነው።