ስድስት አንጎሎች ምን ይመሰክራሉ?



ከኢተያ ወደ አሰላ ስትጓዙ የቁሉምሳን የእርሻ ምርምር ማዕከል ታገኛላችሁ። አዲስ የስንዴ ዘር ጥቂት ዛላው ስላማረ ብቻ ለገበሬው አይታደልም፤ በልዩ ልዩ አፈር፣ በተደጋጋሚ ክረምት ይፈተናል። ዛሬ ስለ ሰው አንጎል ስንነጋገር ይህን ጥንቃቄ አንርሳ።

ነገራችን፣ በወንድ አካል ተወልደው ራሳቸውን ሴት፣ በሴት አካልም ተወልደው ራሳቸውን ወንድ አድርገው ስለሚያውቁ ሰዎች ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ሴታሴት»፣ «ወንዳወንድ» ተብለው ይሣቅባቸዋል እንጂ የነገሩ ምንጭ አይጠየቅም። በሆላንድ አገር ግን ሊቃውንት ምንጩን ከአንጎል ውስጥ ፈለጉ።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 ዲክ ስዋብና ባልደረቦቹ በአምስተርዳም፣ በወንድ አካል ተወልደው እንደ ሴት የኖሩ የስድስት ሟቾችን አንጎል መረመሩ። በወንዶች ሰፋ፣ በሴቶች ጠበብ የምትል አንዲት ትንሽ ክፍል በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በሴቶች ልክ ሆና ተገኘች። በ2000 የነርቭ ሕዋሳቱ ሲቈጠሩም ውጤቱ ያንኑ አመለከተ።

ይሁን እንጂ ሟቾቹ በሕይወታቸው የሴት ሆርሞን ወስደው ነበርና፣ አንጎሉን የለወጠው መድኃኒቱ ይሆን? የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ2002 ደግሞ ያው ቤተ ሙከራ፣ የዚያች ክፍል ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ሰው ካደገ በኋላ መሆኑን ገለጠ፤ ብዙዎች ግን ስሜቱን ከልጅነታቸው እንደሚያውቁት ይናገራሉ። በ2015 የእስራኤል አገር ሊቅ ዳፍና ጆኤል ከባልደረቦቿ ጋራ ከ1,400 የሚበልጡ አንጎሎችን ምስል መርምራ፣ አብዛኛው አንጎል ፍጹም የወንድ ወይም ፍጹም የሴት ሳይሆን ቅይጥ እንደ ሆነ አስረዳች።

እንግዲህ ፍንጭ አለ፤ የመጨረሻ ፍርድ ግን የለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው፣ ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ሁኔታ ከአእምሮ ሕመሞች ተራ አውጥቶታል። ይህንም ያደረገው የአንጎሉ ምስጢር ስለ ተፈታ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም አለመሆኑ ስለ ታመነበት፣ ስያሜውም ሰዎቹን ለንቀት ስለ ዳረጋቸው ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ ባልተሟላ መዝገብ ላይ ውሳኔ አትጽፉም። የሊቃውንቱም መዝገብ ገና አልተዘጋም። ነገር ግን ባለጉዳዩ መዝገቡ እስኪሟላ ድረስ መቀመጫ አይከለከልም። በቤታችን ወይም በጎረቤታችን እንዲህ ያለ ልጅ ቢገኝ፣ ከምርመራው በፊት ዱላና ስድብ አይቅደሙ።