እንጀራ ተው ከማለታችን በፊት
(በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ርዕስ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ከተመረቅሁ ጀምሮ የምሠራው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ በረጅም ጊዜ ሕመሞች ክትትል ክፍል ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ምግብ ነው። በተለይም እኛ የጤና ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ ስለምንደጋግማት ምክር፦ «እንጀራ ቀንስ፣ ድንች ተው፣ ጣፋጭ አትንካ።»

ምክሯ ውሸት አይደለችም። እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ድንችም ሆነ በሶ፣ ካርቦሃይድሬቱ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ይህን እዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያውቃል። የኔ ጥያቄ ምክሯ ለማን ትነገራለች የሚለው ነው።

ከተማ ተቀምጦ የሚውል፣ ክብደቱ የጨመረ፣ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው እንውሰድ። ለዚህ ሰው መቀነስ ራሱ መድኃኒት ነው። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ሰባት ገደማ ይሆናል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ደግሞ፣ ገና እንጀራው ላይ ሳይደርስ 12 ማንኪያ ስኳር ወስዷል። እሱን «ከሻይህ ጀምር» ማለት ተገቢ ነው። ይሰማል፣ ይቀንሳል፣ ውጤቱንም ያየዋል።

አሁን ሌላውን ሰው ላምጣላችሁ። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ ቀጭን፣ ከማሳው ሌላ ገቢ የሌለው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ገበሬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በክፍሌ በተደጋጋሚ ይመጣል። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር» (ገጠር ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው) «እንጀራ አትብላ ተብያለሁ። መርፌውንም ተወጋ ተብያለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አልቻልኳቸውም፤ የቱን ልተው?»

ሌላ ቦታ የተሰጠውን ምክር ቃል በቃል ፈጽሞ ነበር። ጠዋት ይወጋል፣ ግማሽ እንጀራ ቀምሶ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ይውላል። ሁለት ጊዜ ከበሬዎቹ ኋላ ወድቋል። ሦስተኛው ሲፈራ ጊዜ መርፌውን ሊተወው ተዘጋጅቶ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልክ የሆነ ምክር ያለ ቦታው ሲነገር ሰውን ኢንሱሊኑን ሊያስጥለው ደርሶ ነበር።

ይህ ሰው ለብቻው አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በገጠሩ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች በብዛት ድሆች፣ ቀጫጭኖችና ወንዶች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይታይ ወይ ብለውም ጠይቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት በዝርዝሩ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 ግን አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው። ጎንደር ላይ የተነሣው ጥያቄ ዓለም ጆሮ እስኪሰጠው ብዙ ዓመት ወሰደ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ታካሚ ኢንሱሊን በዝቶ ምግብ ካነሰ አደጋው የከፋ ነው። የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ በተለይም ፕሮቲን፣ ከጥንቃቄ የተሞላ መድኃኒት ጋር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሥራዬ የጠቀሙኝን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ማሳውን እጠይቃለሁ። «ጤፍ ብቻ ብላ» የሚል ምክር አገሩን ሞልቶታል። የፋርጣና የላይ ጋይንት ደገኛ የሚያመርተው ገብስ፣ ድንች፣ ስንዴና ባቄላ ነው፤ ጤፉን ከገበያ ይገዛል። ገብሱን ሸጦ ጤፍ ይግዛ ስንለው ከልጆቹ ሌማት እየቀነስን ሊሆን ይችላል። ለዚያውም ከመቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ከገብስ ብዙ አይርቅም። ገብስ እንዲያውም ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገይ ፋይበር አለው። ወደ ፎገራ ስንወርድ ደግሞ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ ነጭ ሩዝ ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ስለዚህ «ስንት እንጀራ?» ብቻ ሳይሆን «ከምን የተጋገረ?» ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ወሩን እጠይቃለሁ። ጥር ላይ አዝመራው ገብቷል፣ ሠርጉም ድግሱም አለ፤ ሰው ይበላል። ነሐሴ ላይ ብዙ ጎተራ ባዶ ነው፤ ቤተሰቡ በድንች ቅቅል የሚውልበት ቀን አለ። ካርዱ ላይ ያለው የኢንሱሊን መጠን ግን ጥርም ነሐሴም ያው ነው! የሚበላው ሲለወጥ መድኃኒቱም መታየት አለበት። ይህን የሚያስተካክለው ባለሙያው እንጂ ታካሚው በራሱ አይደለም፤ ባለሙያው ካልጠየቀ ግን ማን ይነግረዋል?

ሦስተኛ፣ ጾሙን እጠይቃለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ። ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ታካሚ ስኳሩ የሚወርደው ቅዳሴ ላይ ነው። «አትጹም» ብዬ አላውቅም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። የምለው፦ «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ መንገድ አለው።» ካህናቱ ሲረዱን ሥራው ይቀልላል። ለሙስሊም ታካሚዎቻችንም በረመዳን ከኢማሙ ጋር እንዲሁ መመካከር ነው።

አራተኛ፣ ማኅበሩን እጠይቃለሁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ጠላና አረቄ ከጠጣ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል። ሰዉ «ሰክሮ ነው፣ ተዉት ይተኛ» ይላል። ያ እንቅልፍ ላያስነሣው ይችላል። ስለዚህ ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም የማስተምረው ይህንን ነው፦ መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጡና ስጡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ አብሉት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። ኪሱ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ የሌለው ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከቤቱ አይውጣ።

ይህን ሁሉ ከጠየቅሁ በኋላ ነው ስለ መጠን የማወራው። በግራም አላወራም፤ በሚያውቀው መስፈሪያ ነው። አንድ ሰፊ እንጀራ ከ75 እስከ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊይዝ ይችላል፤ መካከለኛ የተቀቀለ ድንች ደግሞ 30 ገደማ። ታካሚው ቁጥሩን ማስታወስ አይጠበቅበትም። «ዛሬ ድንች ከበላህ እንጀራውን በዚያው ልክ አሳንስ፤ ሽሮውንና ጎመኑን አብዛ፤ መርፌ ከወሰድክ ግን ምግብ አትዝለል» ካልኩት ይገባዋል። ያ ገበሬ የገባው እንደዚህ ነው። መጠኑ በሐኪም ተስተካከለለት፤ አሁን እርሻ ሲወርድ በሶና ቆሎ ይዞ ይወርዳል፤ መርፌውንም አልተወም።

መምህሮቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ተማሪዎቻችሁ የአመጋገብ ምክር ሲማሩ ከፈረንጁ ሰንጠረዥ ጎን የደቡብ ጎንደር ሌማት ይኑር። የግብርና ተመራቂዎች በጓሮ አትክልት፣ የጋፋት ቴክኖሎጂ ልጆች ደግሞ በእንጀራና በዱቄት መስፈሪያ ሊያግዙን ይችላሉ። ጋፋት እኮ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩባት ምድር ናት፤ አንድ ሥፍር መሥራት አያቅታትም!

በየጤና ጣቢያው ላላችሁ ጓደኞቼ የምለው ደግሞ አጭር ነው። ነገ ጠዋት በክትትል ካርዱ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «በዚህ ወር ቤትህ ምን ይበላል?» ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። መልሱን ሰምታችሁ ነው መቀነስ ያለበትን ቀንስ፣ መጨመር ያለበትን ጨምር የምትሉት።